ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

ሰው ሲሞትብን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። የዕድሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ፊቱን አይተነው የማናውቀው ሰው ሳይቀር መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይልና ንፍሮ ዘግኖ ቁጭ ይላል። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሰው ሲታመም ብርቱካን ይዘን እንጠይቃለን፤ ሲታሰር ስንቅ እናመላልሳለን፤ ስትወልድ ገንፎ ልንበላ እንሄዳለን። ልጁ በሕይወት እያለ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ታክሲ በሚደረስበት ሰፈር ያደገ ልጁ ስልክ የማያነሳለት አባት ቤት ግን ምን ተይዞ እንደሚኬድ አናውቅም። ስለማናውቅ አንሄድም። ከሄድንም ስለ ኑሮ ውድነት አውርተን እንመለሳለን።

ይህን የምንጽፈው ከሩቅ አይተን አይደለም። እኛ ሦስት እህትማማቾች ነን። ከሦስታችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተምራ ስለተመረቀች ብዕሩን የያዘችው እሷ ናት፤ ሁለቱ ከኋላዋ ቆመው «ይኼን አውጪው፣ ያንን ጨምሪው» እያሉ ነው። የእናታችን ታናሽ ወንድም፣ እኛ ጋሼ የምንለው፣ በ2006 ዓ.ም. ከሚስቱ ተፋታ። አንዲት ልጅ አለችው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ አንድ ሞልቷታል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አባትና ልጅ ቁጭ ብለው አላወሩም።

ጋዜጠኛዋ እህታችን የሁለቱን ወገን ሐሳብ ሳትይዝ ስለማትጽፍ ሁለቱንም አስፈቅደናል። ጋሼ «ስሜን አትጥሩ እንጂ ጻፉት፤ እንደኔ ያለ ስንት አለ» አለን። የአጎታችን ልጅ ትንሽ አሰበችና «ጠላችው ብላችሁ ግን አትጻፉ» አለችን። ይህችን ነገር ለጋሼ አልነገርነውም። አሁን ግን ያነባታል።

ጋሼ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ተሳቢ ይነዳል። እኛ የአፋርን ከተሞች ከጂኦግራፊ መምህራችን በፊት የተማርነው ከእሱ ነው፤ አዋሽ ሰባት፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ። በዚያ መስመር ቀን የሚቆጠረው በሰልፍ ነው። ወደብ ላይ ጭነት ይጠበቃል፣ ድንበር ላይ ወረቀት ይጠበቃል፣ መሀል በረሃ ላይ ጎማ ይፈነዳና ጎሚስታ ፍለጋ ይኬዳል። አንዱ ምልልስ በሳምንት ያልቃል፤ ሌላው ሦስት ሳምንት ይበላል። ልጆች ሳለን መኪናው ቃሊቲ ሲቆም ሁላችንም ተሰብስበን እንሄድና ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ እንዘል ነበር። ከጅቡቲ ይዞት የመጣውን ተምር ያከፋፍለናል። ትልቁ ከረጢት ሁልጊዜ የልጁ ነበር። ቅር አይለንም ነበር እንበል።

ለምን እንደተፋቱ እናውቃለን፤ አንጽፈውም። በዚያ ቤት ማንም አልተደበደበም፣ ማንም ሰክሮ በር አልሰበረም፤ ይህን ካልን ይበቃል። ይህን ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ከሚያሰቃየው ወላጅ ሸሽቶ ሲርቅ ራሱን ማዳኑ ነው፤ ያንን ከዚህ ጋር አንቀላቅለውም። እኛ የምናወራው ስለ ተራው፣ ስለ ብዙው ነው። ሁለት ደህና ሰዎች አብረው መኖር አቅቷቸው ሲለያዩ፣ ልጁ ከአንዳቸው ጋር ቀስ በቀስ ሲጠፋፋ።

በድሮው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅም ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ለእናቱ ይሰጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት አመጣው። አንቀጽ 113ን አንብበነዋል። ዳኛው ፍቺውን ሲወስን ልጁን ማን እንደሚያሳድገው፣ ትምህርቱ፣ ጤናው፣ ቀለቡ እንዴት እንደሚሆን መወሰን አለበት፤ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጁን ዕድሜና ጥቅምም ማየት አለበት። አንዲት ነገር ገረመችን። መጠየቅን ሕጉ የወላጅ መብት ብቻ አላደረገውም፤ ወላጅም ልጅም አንዱ ሌላውን የመጠየቅ መብት አለው ነው የሚለው። እኛ እስከዚያ ድረስ የአባት ቀን የአባት ንብረት ይመስለን ነበር።

ለጋሼ የተወሰነለት በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 11:00 ሰዓት ነው። ቦታው አንድ ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ሆነ፤ ለሁለቱም ስለሚቀርብ። ይህን አሠራር ሰዎች ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? ርክክብ። ጋሼ ቃሉን ሲሰማ ሳቀ። ዕድሜ ልኩን ጭነት ፈርሞ ሲረከብ፣ አስፈርሞ ሲያስረክብ የኖረ ሰው ነው። «ኮንቴይነር እንኳን ፕሎምፑ ሳይነካ ከደረሰ ማንም አያኮርፍም» አለን አንድ ቀን።

እሁድን የሰጠው ፍርድ ቤት እሁድ ጋሼ የት እንደሚሆን ሊያውቅ አይችልም። የጅቡቲ ወደብ እሁድን አያውቅም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እየተሯሯጠ ደረሰ፤ አንድ ሌሊት ሳይተኛ ከሚሌ ነድቶ የመጣበት ጊዜ አለ። ከዚያ አንዱ ቀረ፤ ከዚያ ሁለት ተከታትለው ቀሩ። እናቷ፣ ዛሬም እትዬ የምንላት፣ ስትነግረን ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ «ሦስት ጊዜ ጸጉሯን ሠርቼ፣ ቀሚስ አልብሼ ወስጄ መልሻታለሁ። በመጨረሻ ራሷ ‹ጸጉሬን አትሥሪኝ› አለችኝ» አለችን። ጋሼ ደግሞ «እንጀራ ነው ያስቀረኝ፤ የትምህርት ቤቱን የሚከፍለው ማን ሆነና» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው ተሻሽሎ ይሰጠኝ ብሎ ማመልከት በሕጉ ይቻል ነበር፤ ለምሳሌ ቀኑ በጉዞው እንዲወሰን። አላመለከተም። «ለዚያም እኮ ቀን ያስፈልጋል» ነው መልሱ።

የተገናኙባቸው እሁዶችስ? እሷ እንደነገረችን ካፌ ይገባሉ። ጁስ ይታዘዛል። «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደህና።» «ጓደኞችሽስ?» «ደህና።» ስምንት ሰዓት ሙሉ በሁለት ጥያቄ አይሞላም። አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ጋሼ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል፤ «እናትሽ እንዴት ናት? ቤት ማን ይመጣል?» ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ በዚያ በኩል «ለአባትሽ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደጨመረ ነገርሽው?» ትባላለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሁለት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነች ማለት ነው፤ ያለ ደሞዝ። እኛ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ውስጥ ይህን ሥራ የሠራችሁ ብዙ እንደሆናችሁ እንገምታለን። «ንገሪው» እና «ጠይቂያት» የሚሉት ቃላት ምን ያህል እንደሚከብዱ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ከዚያ መጋቢት 2012 መጣ። ኮሮና። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ያን ጊዜ ደግሞ ከማንም በላይ የተፈራው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ በሽታውን ከወደብ ይዞ ይመጣል ተባለ፣ ድንበር ላይ ምርመራ ሆነ፣ ሰፈር ውስጥ ሹፌር ያላቸው ቤቶች በጎሪጥ ታዩ። እትዬ ስልክ ደወለችና «ለጊዜው ባትገናኙ» አለች። አልተሳሳተችም። ጋሼም «እሺ፣ ለልጁ ነው» አለ። ጊዜው ሦስት ወር ሆነ፣ ስድስት ወር ሆነ። ትምህርት ቤት ሲከፈት እሁዶቹ አልተመለሱም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ቤት ተቀምጣ ያለ እሁድ መኖርን ተማረች። ቀለል አላት። ሲደውል «ጥናት ላይ ነኝ» ማለት ጀመረች፤ ከዚያ አለማንሳት።

ይህ ነው የሚያስቸግረው። ጠብ የለም። በር አልተወረወረም፣ «አባቴ አይደለህም» አልተባለም፣ የመጨረሻ ቃል የሚባል ነገር የለም። ጋሼ ሌሊት እየነዳ የሚፈልገው ያንን ነው፤ የትኛው ቀን ላይ እንደተበጠሰ። ቀን ቢኖረው ይቅርታ የሚጠይቅበትን ያውቅ ነበር።

ዘመድ ግን ጠብ የሌለበት መኳረፍ አይገባውም። ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ትልልቅ የቤተ ዘመድ ሰዎች ለሽምግልና ወደ ልጅቷ ሄዱ። የባልና ሚስት ሽምግልና እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ሁለቱም ይወቀሳሉ። ከልጅ ጋር ሲሆን ግን ፍርዱ ከቤት ተጽፎ ነው የሚመጣው። «አባት እኮ ነው!» «የአባት እርግማን…» «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ…» እሷ ቡና አፍልታ፣ ሦስቱንም ጠጥተው እስኪጨርሱ አንገቷን ደፍታ ቁጭ ብላ፣ «እሺ» ብላ ሸኘቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱንም ስልክ አታነሳም። ጋሼ ተጣልቶት የነበረው አንድ ሰው ሦስት ሆነ።

በሌላ በኩል ጋሼን የሚያጽናኑት አሉ። «ልጅ ናት፣ ስትበስል ትመጣለች።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማናት! ሰውየውን የምታስቀምጠው አውቶቡስ በማይመጣበት ፌርማታ ላይ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከኋላው «አንድ ያደረገው ነገር ቢኖር ነው እንጂ ልጅ በከንቱ አባቷን አትተውም» ይላሉ። ስለዚህ ወላጅ ዝም ይላል። የሥራ ባልደረቦቹ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ጋሼ «ደህና ናት፣ ትማራለች» ይልና ጎማ ሊያይ ይወርዳል።

ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ አብራሪዎችን ሚስቶች ታጠና ነበር። ሴቶቹ መበለት አይደሉም፣ ባለትዳርም አይደሉም። ከዚህ ተነስታ፣ መቋጫ ስለሌለው ማጣት ስትጽፍ ኖረች፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው። ሰውየው ሞቶ ከሆነ ይለቀሳል፣ ካለ ይጠበቃል፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ማድረግ ነው ሰውን የሚያደክመው። ለእኛ ሀገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጃቸው እንደወጣ የቀረባቸው፣ አስከሬን ያልተሰጣቸው፣ ማልቀስም የተከለከሉ ወላጆች ስም ሳያወጡለት ኖረውበታል። የጋሼን ነገር ከዚያ ጋር አናነጻጽረውም፤ ልጁ በሰላም አለች፣ ፎቶዋን ያያል። ግን ማየቱስ? ቴሌግራም ላይ «ከጥቂት ደቂቃ በፊት ነበረች» የሚለውን እያየ የሚያድር አባት እንዳለ እኛ አይተናል።

ስለ ስም እናውራ። የእኛ ሀገር ስም ለተፋታ አባት ልዩ ነገር አለው፤ ልጁ ባታናግረውም ስሙን ይዛ ትዞራለች። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ እሱ አብሮ ይጠራል፤ መታወቂያ ላይ፣ ፈተና ወረቀት ላይ፣ ክሊኒክ ካርድ ላይ አለ። ልጁ የራቀችባት እናት ይህም የላትም። የአጎታችን ልጅ ግን ቴሌግራም ላይ የራሷን ስም ብቻ ጻፈችና ከጎኑ አበባ አደረገች። ጋሼ ያየ ቀን «ስሜን አወለቀችው» አለን፤ እንደ ጫማ። ስንጠይቃት በጣም ገረማት። «ሁሉም ሰው እኮ እንደዚያ ነው የሚያደርገው!» እውነቷን ነው፤ የእኛም ሦስታችን አካውንት የአባት ስም የለውም፤ አባታችን ደግሞ ምንም አላለም፣ ከጎናችን ስላለ።

በጥቅምት 2015 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ውጤቱ ሲወጣ ሀገር ደነገጠ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እሷ ከእነዚያ ውስጥ ናት። ለጋሼ የደወልንለት እኛ ነን፤ ሚሌ ነበር። ከጀርባ የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ መስመር የተቋረጠ መስሎን «ሃሎ? ሃሎ?» ስንል «አለሁ» አለ። በዚያ ምሽት እዚያ የነበሩትን ሹፌሮች በሙሉ እራት እንደጋበዘ ቆይተን ከረዳቱ ሰማን። ለእሷ ደውሎ አላነሳችም። ይህንንም ከረዳቱ ነው የሰማነው።

በዚያው ዓመት አሥራ ስምንት ሞላት። ሕጉ እዚህ ላይ እጁን ያነሳል። ከዚህ በኋላ አሳዳጊ የለም፣ የመጠየቂያ ቀን የለም፣ ርክክብ የለም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሕጉ ወዴት እንደሚያይ ግልጽ ነበር፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ አባት ልጁን ስታሳድገው ከኖረች አክስቱ ለመውሰድ ሲከራከር፣ አባትነት ብቻውን አይበቃም፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እንደሚለው የልጁ ደኅንነት ይቀድማል ብሎ ለአክስቷ ወስኗል። ለጋሼ ይህን ስናነብለት ተናደደ። ሁለት ቀን ቆይቶ ግን «ልጁስ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀን። እስከዚያ ቀን ስለዚህ ጉዳይ ሲያወራ ሁልጊዜ «እኔ» ብሎ ነበር የሚጀምረው።

ቀለቡ በሕግ ባይጠየቅም አላቋረጠውም። በየወሩ በባንክ አፕ ይልክላታል። እነዚህ አፖች ላይ «ምክንያት» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች፤ አብዛኛው ሰው «ብድር»፣ «ኪራይ» ብሎ ያልፋታል። ጋሼ ሞባይሉን አውጥቶ አሳየን። «ለመጽሐፍ።» «ብርድ ነው፣ ጃኬት ግዢ።» «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ።» «ዛሬ አዋሽ ላይ ዘነበ።» «መንገድ ደህና ነው።» ሦስት ዓመት ሙሉ። ገንዘቡ አይመለስም፤ መልስም የለውም። እኛ ሦስታችንም ያን ስልክ ከእጁ ተቀብለን ስንመልስለት አንዳችንም ቀልድ አላመጣን፤ ለሚያውቁን ይህ ብርቅ ነው።

ታነባቸዋለች? ጠይቀናታል፤ መልእክት ለማድረስ ሳይሆን ለራሳችን። (መልእክተኛ አንሆንም ብለን ለሁለቱም ተናግረናል። ያ ሥራ ምን እንዳደረገ አይተናል።) ደረሰኙን ስትከፍት ታያቸዋለች። «አልጠላውም» አለችን። «ግን ሰላም ካልኩት በኋላ ቀጥሎ ምን ይባላል? ስድስት ዓመት ሙሉ የሆነውን ከየት ነው የምጀምርለት? ደግሞ ካናገርኩት እማዬ ምን እንደሚሰማት አላውቅም። ምንም አትለኝም፤ ግን ትተክዛለች።» እትዬ በበኩሏ «እኔ ስለ አባቷ ክፉ ተናግሬ አላውቅም» ትላለች፤ እኛም ምስክር ነን፣ አልተናገረችም። ደግም አልተናገረችም። ልጅ በሚያድግበት ቤት ውስጥ የአንድ ሰው ስም አሥር ዓመት ካልተነሳ፣ ልጁ ያ ስም መነሳት እንደሌለበት ይማራል። እዚህ ላይ ሦስታችን አንስማማም። ትልቋ እህታችን «ብቻዋን ያሳደገች ሴት ላይ ይኼንንም ጨምሩባት» ብላ ተቆጥታለች፤ ቁጣዋ እዚህ ይመዝገብ።

ስለዚህ ጉዳይ ስናነብ ካገኘናቸው ውስጥ አንዱ ጆሽዋ ኮልማን ነው፤ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ። ራሱ የፈታ አባት ነው፤ ልጁም ለዓመታት አላናግርም ብላው ነበር፣ በኋላ ታረቁ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ለወላጆች የሚመክረው ነገር ጆሮ አይጥምም። ደብዳቤ ጻፍ ይላል፤ ውስጡ ግን መከላከያ አይኑር። ስለ ቀድሞ ባለቤትህ አይኑር። ስለ ድካምህ አይኑር። ልጁ ያየውን እንደ ልጁ ሆነህ እይ፣ እዚያ ውስጥ ያለህን ድርሻ በስሙ ጥራ። እዚያ ሀገርም ነገሩ ጥቂት አይደለም፤ የኮርኔሉ ካርል ፒለመር በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት አሜሪካውያን 27 በመቶዎቹ ከአንድ የቤተሰባቸው አባል ጋር ተቆራርጠናል ብለዋል። ልዩነቱ እዚያ ሰው አማካሪ ዘንድ ሄዶ ያወራዋል። ጋሼ ደግሞ የሚያወራው ለእኛ ነው፤ እኛም የኮልማንን ምክር ማክያቶ እየጠጣን በአማርኛ ነገርነው። «ወላጅ ለልጁ እንዲህ ይጽፋል?» አለ። ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተር ይዞ መጣ። ጋላፊ ላይ አራት ቀን ተራ ሲጠብቅ ጽፎታል፤ አራት ገጽ። ቁጭ ብለን አነበብነው። ሦስቱ ገጽ ስለ በረሃው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ኩላሊቱ ነው። «እናትሽ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ አለ፤ ቆጠርነው። ጋዜጠኛዋ እህታችን በትምህርት ቤት የተማረችውን ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። ጋሼ እየተቆጣ፣ እየሳቀ፣ አንድ ጊዜ ተነስቶ ወጥቶ እየተመለሰ፣ አመሻሽ ላይ አራቱ ገጽ አንድ ሆነ። «እሁድ ጠዋት ተሠርተሽ፣ ለብሰሽ፣ ቆመሽ ስትጠብቂኝ ያልመጣሁባቸው ቀኖች ነበሩ። እኔ የማስበው ስለ መኪናው ነበር። አንቺ ግን ቆመሽ ነበር።» ይህ የእሱ ነው፤ አንድ ፊደል አልነካንበትም። መጨረሻ ላይ «ተምር አሁንም ትወጃለሽ?» የሚል አለ። እሱን ሰርዘነው ነበር፤ ከጉዳዩ ጋር አይሄድም ብለን። መልሶ ጻፈው። «እሱ ካልገባ አልክም» አለ። ገባ።

ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከላት። ሁለቱ የማንበብ ምልክቶች በዚያው ሌሊት ታዩ። ይህን ስንጽፍ አንድ ወር ሆኖታል፤ መልስ የለም። ምርቃቷ እየቀረበ ነው፤ ማንን እንደምትጠራ ስንጠይቃት «ገና አልወሰንኩም» ነው ያለችን፤ ጋሼ ደግሞ ለማንም ሳይናገር ሱፍ ማሰፋቱን ከልብስ ሰፊው ሰማን። ባለፈው ሳምንት ከሎጊያ ደውሎ ስለ ሌላ ነገር እያወራን፣ የዚህን ወር ገንዘብ እንደላከ ነገረን። «ምክንያት የሚለው ላይ ምን ጻፍክ ጋሼ?» አልነው።

«ምንም» አለ። «ባዶውን ተውኩት። ጽፌላት የለ እንዴ።»